ለፊያት 124 ስፓይደር የጭስ ማኒፎልድ በእጅ ሲሠራ

በእጅ የተሠራ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው የቱቦ ስብስብ) ከከሸፈ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ቱቦው ከሚገባው በላይ ሰፍቷል፣ ወይም ፍላንጁ፣ ማለትም ቱቦዎቹ ተበይደውበት ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት፣ ሲበየድ ጎብጧል። የመጀመሪያው ጉልበት ይበላል፣ ሁለተኛው ጓርኒሲዮን (በመካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ይበላል። ብየዳው ከውጭ ማማሩ ከሁለቱም አያድንም። ፎቶ የሚነሱለት ሰማያዊና ወርቃማ ብየዳዎች ለዓይን ጥሩ ናቸው፤ ጭሱ የሚያልፈው ግን በቱቦው ውስጥ ነው።

እዚህ የምናወራው 1756 ሲሲ ሞተር ስላለው ስፓይደር ነው። የጣሊያኑ የመኪና ቀራጭ ድርጅት ፒኒንፋሪና የቀረጸው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ታይቶ እስከ 1985 ድረስ ተሠርቷል፤ ከተሠሩትም የሚበዙት የተሸጡት አሜሪካ ነው። ሞተሩን የነደፈው ቀድሞ ፌራሪ ቤት የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሲሆን፣ የተራውን 124 ብሎክ መነሻ አድርጎ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው የአልሙኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጫነበት። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የሚያውቅ ሰው የዚህን መኪና ዘመድ ያውቃል ማለት ነው፤ ላዳ የወጣው ከዚያው ከ124 ሴዳን ነውና። ዝምድናው ግን ሞተሩ ጋ ሲደርስ ያበቃል። የላዳው ካምሻፍት አንድ ብቻ ነው፣ ማኒፎልዱም እዚህ አይገጥምም። ከዚያ ይልቅ የሚቀርበን ቋንቋው ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ ስንል መኪናው በተሠራበት አገር ቋንቋ ነው የምንናገረው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

የጭስ ቫልቩ ሲከፈት የግፊት ማዕበል በቱቦው ውስጥ ይሮጣል። ቱቦው ከሌላ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ወይም የሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ግፊት ሳይሆን መሳብ ሆኖ ነው። ይህ መሳብ ሁለቱም ቫልቮች በትንሹ ክፍት በሆኑባት ቅጽበት ቫልቩ ጋ ከደረሰ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣል፣ አዲሱንም አየርና ቤንዚን ይጎትታል። ሰዓቱን የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ነው። ረጅም ቱቦ ዝቅ ባለ አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ይረዳል፣ አጭር ቱቦ ከፍ ባለው።

ለመነሻ የሚሆነው ስሌት እንዲህ ነው። የጭስ ቫልቩ ፒስተኑ ታች ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚከፈት ከካምሻፍቱ መረጃ ውሰዱና 180 ጨምሩበት። ድምሩን በ21590 አባዙ፣ ጉልበቱ እንዲመጣ በምትፈልጉበት አርፒኤም አካፍሉ፣ ከውጤቱ 76 ቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ከፍላንጁ ፊት ጀምሮ ያለው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ለምሳሌ 54 ዲግሪ ቀድሞ ለሚከፍት ካምሻፍትና ለ6000 አርፒኤም 234 ሲባዛ በ21590፣ ሲካፈል ለ6000፣ 842 ይሆናል፤ 76 ሲቀነስ 766 ሚ.ሜ.። ዒላማውን 7000 ብታደርጉት ወደ 645 ይወርዳል። ለመንገድ መኪና 7000ን ዒላማ ማድረግ ግን በከተማ ውስጥ የሚያነክስ ሞተር መሥራት ነው።

ለስፋቱ ደግሞ የአንዱን ሲሊንደር ሲሲ (1756 ለ4 ሲካፈል 439) በዚያው በ842 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ በ53.8 አባዙ። 38.8 ሚ.ሜ. የውስጥ ስፋት ይወጣል። የውጭ ስፋቱ 41.3፣ የግድግዳው ውፍረት 1.65 የሆነ ቱቦ ውስጡ 38 ነው፤ ይህ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ትንሽ ከፍ እናድርገው» ብሎ 47.6 ሚ.ሜ. ይገዛል። የዚያ ቱቦ ውስጥ 44.3 ስለሆነ የሚከፈተው ስፋት በ36 በመቶ ያድጋል፣ የጭሱ ፍጥነት በሩብ ያህል ይወርዳል። ድምፁ ይወፍራል፣ ከ4000 በታች ግን መኪናው ይደክማል፤ ባለቤቱ ደግሞ በድምፁ ተታሎ የፈጠነ ይመስለዋል።

ለዚህ ሞተር የሚሻለው አራት ወደ ሁለት፣ ሁለት ወደ አንድ የሚሄደው ዓይነት ነው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት በ1-3-4-2 ተራ ስለሆነ 1 ከ4 ጋር፣ 2 ከ3 ጋር ይጣመራል። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጥንድ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ጭሶች የአንድ ሙሉ ዙር ልዩነት ይኖራቸዋል፣ አይገፋፉም። ለመገጣጠም ቀላል ስለሚመስል ብቻ 1ን ከ2 ጋር የሚያጣምር ሰው ድካሙን ሁሉ ገደል ከቶታል። 766ቱ ሲከፈል የመጀመሪያዎቹ አራት ቱቦዎች 380 አካባቢ፣ ሁለተኞቹ 385 አካባቢ ይሆናሉ። የሁለተኞቹ ውስጥ 51 ሊሆን ይገባዋል፤ የውጭ ስፋቱ 54 የሆነ ቱቦ 50.7 ይሰጣል። ከመጨረሻው መገናኛ በኋላ 57 ሚ.ሜ. ቱቦ እስከ ማርሚታው ይወስዳል። በአራቱ መካከል የ10 ወይም የ15 ሚ.ሜ. ልዩነት ቢኖር አያስጨንቅ። ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎ አንድ ተጨማሪ ጠምዛዛ ማስገባት ኪሳራ ነው።

ቱቦው የት ያልፋል?

መሪው በግራ በሆነው ስፓይደር ጭስ መውጫው ከመሪው ዘንግና ሳጥን ጋር በአንድ ወገን ነው፤ የሥራው ጣጣ ሁሉ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ጋዝ ሲረገጥ ይንገዋለላል፣ ስለዚህ ቆሞ ሳለ 10 ሚ.ሜ. የራቀ ቱቦ ሲነዳ መሪውን ሊነካ ይችላል። ከመሪው ዘንግ ቢያንስ 25 ሚ.ሜ. ተዉ፣ ከፍሬን ቧንቧ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ መካከላቸውም የላሜራ መከለያ ይግባ። ዶት 4 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ብቻ። አጠገቡ ያለው ቱቦ በሙሉ ጋዝ ውስጡ 800 ዲግሪ የሚያልፍ ጭስ ነው የሚሸከመው።

መንገዱን ለመቀየስ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ለስላሳ ሽቦ በ380 ሚ.ሜ. አራት ቦታ ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ከፖርቱ (ጭሱ ከቴስታታው ከሚወጣበት ቀዳዳ) መሃል አስነሡና ሌላው ጫፍ መገናኛው ጋ እስኪደርስ እጠፉት። ሽቦው የቱቦው መሃል መስመር ነው፤ ስለዚህ በዙሪያው 21 ሚ.ሜ. ባዶ ቦታ መኖሩን በካርቶን ክብ እየሳባችሁ ፈትሹ። ስታዶቹን (ከቴስታታው ወጥተው ፍላንጁን የሚይዙትን ባለ ጥርስ ዘንጎች) የሚያጠብቀው ቁልፍ የሚገባበትን ቦታም አብራችሁ አስቡ። ይህ የሚረሳ ነገር ነው፤ ማኒፎልዱ አልቆ፣ አምሮ፣ አንዲት ዳዶ ግን በምንም ቁልፍ የማትደረስ ሆና የቀረችበት ሥራ ብዙ ነው። ካንዴላ ማውጫውንም አስገብታችሁ ሞክሩት።

ጠምዛዛዎቹን ውስጡ ሳይጨማደድ የታጠፈ፣ ማንድሬል የሚባለውን ግዙ። ለ41.3 ቱቦ የተለመደው የመጠምዘዣ ራዲየስ 62 ሚ.ሜ. ነው፤ 90 ዲግሪው ከርዝመታችሁ 97 ሚ.ሜ. ይበላል፣ 45 ዲግሪው 49። ለአራቱ ቱቦዎች አሥር ባለ 90 ዲግሪ ጠምዛዛና ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ያዙ፤ ለ54ቱ አራት ባለ 45 ዲግሪና አንድ ሜትር ይበቃል። ማንድሬል በማይገኝበት ቦታ የድሮው መንገድ አሁንም ይሠራል፣ ለተራ ብረት ብቻ፦ ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ ሞልቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወትፎ፣ እስኪቀላ አሙቆ በዝግታ ማጠፍ። አሸዋው መጀመሪያ እሳት ላይ ተቆልቶ ይድረቅ። እርጥብ አሸዋ ያለበት የተወተፈ ቱቦ ሲሞቅ እንፋሎቱ እንጨቱን እንደ ጥይት ይተፋዋል። ገላቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ደግሞ አይታሰብ፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል።

ለቀጥታ ቁርጥ ቀላሉ ዘዴ ፋሼታ (የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ቱቦው ላይ አጥብቆ በጠርዙ በእስክሪብቶ መዞር ነው። በቀጭን 1 ሚ.ሜ. ዲስክ ወይም በሴጌቶ ቁረጡ፣ በሞረድ አስተካክሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ግጠሙና ከኋላ ባትሪ አብሩበት። ብርሃን ካለፈ እንደገና ሞረድ። ክፍተቱን በብየዳ እንሞላዋለን የሚል ሰው ስቴንለስ (የማይዝገው ብረት) ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚጎትት አያውቅም፤ ክፍተት ባለበት በኩል ቱቦው ይሰበሰብና ሌላኛው ጫፍ ከመገናኛው ይስታል። ለብረት የዋለ ዲስክና የሽቦ ብሩሽ ስቴንለስ ላይ አይነካ። የሚተወው የብረት ብናኝ በሳምንቱ ዝገት ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያም «ስቴንለሱ የውሸት ነው» ተብሎ ሻጩ ይሰደባል።

ፍላንጁ

10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ውሰዱ። የፖርቱን ቅርጽ ከቴስታታው ላይ ገልብጡ እንጂ ከጓርኒሲዮኑ አትቅዱ፤ የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከፖርቱ ይሰፋል። ቴስታታውን በስሱ ግራሶ ቀብቶ ካርቶን መለጠፍ በቂ ነው። የፍላንጁ ቀዳዳ ከፖርቱ በዙሪያው 1 ሚ.ሜ. ያህል ይስፋ። ከጠበበ ጭሱ ግድግዳ ይመታል፤ በልኩ ከሰፋ ግን ያቺ ትንሽ እርከን ወደ ኋላ ሊመለስ የሚሞክረውን ጭስ ትከለክላለች። የቱቦው አፍ ከፖርቱ የጠበበ ከሆነ ቱቦውን በሾጣጣ ብረት ከፈት አድርጉት፣ ፖርቱን አትንኩ።

የስታዶቹ ቀዳዳ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ማኒፎልድ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነውና። ፍላንጁ 400 ሚ.ሜ. ይረዝማል እንበል፣ 304 የሚባለው ስቴንለስ ነው፣ ሥራ ላይ 300 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ 1.9 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል። የአልሙኒየሙ ቴስታታ ደግሞ በተፈጥሮው ከስቴንለስ የበለጠ የሚለጠጥ ቢሆንም ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው 90 ዲግሪ ላይ ነው የሚቆየው፤ የእሱ ዕድገት 0.6 ብቻ ነው። ልዩነቱ 1.3፣ ከመሃል ወደ ዳር ሲከፈል በእያንዳንዱ በኩል 0.65 ይሆናል። ኤም 8 ስታድ በ8.5 ቀዳዳ ውስጥ ያለው መላወሻ በየጎኑ 0.25 ነው። የቀረው 0.4 የት ይሄዳል? ወይ ስታዱን ያጣምማል፣ ወይ ከብየዳው ጎን ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ የመሃሎቹ ቀዳዳዎች 8.5 ይሁኑ፣ የዳሮቹ 10። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ፍላንጁን ሙሉ አድርጎ ከበየዱ በኋላ በፖርቶቹ መካከል ያለውን ድልድይ በሴጌቶ ቆርጦ መለያየት ነው። እያንዳንዱ ፖርት በራሱ ይተነፍሳል። ሲታይ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል፤ ይምሰል።

ለብየዳው ፍላንጁን ከ25 ሚ.ሜ. ወፍራም ብረት ጋር በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩ። ቴስታታውን እንደ ማሰሪያ አትጠቀሙ። መንገዱን በነጥብ ብየዳ ለመያዝ መኪናው ላይ መበየድ ግድ ከሆነ ግን ባትሪውን ፍቱ፣ የቤንዚኑን መስመር አርቁ፣ የብየዳ ማሽኑን የአፈር (የኤሌክትሪክ መመለሻ) መቆንጠጫ የምትበይዱት ቱቦ ላይ እንጂ ሻሲው ላይ አታድርጉ። ቱቦውን ከፍላንጁ ፊት 2 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ አስገቡና ከውስጥም ከውጭም በይዱ። አንዱን ፖርት በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱ፦ የ1ን ሩብ፣ ከዚያ የ4ን ሩብ፣ የ2ን፣ የ3ን፣ በመካከሉ በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። ሥራው ሲያልቅ ብሎኖቹን በትኩሱ መፍታት የድካሙን ሁሉ ውጤት ያጠፋል፤ እስከ ማግሥት ይተው። ከዚያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስተኝቶ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ ብረቶች) መለካት ነው። እስከ 0.1 ሚ.ሜ. ጓርኒሲዮኑ ይችለዋል፤ ከ0.2 ካለፈ ፍሬዛ ቤት ወስዳችሁ ፊቱን አስላጩት።

ብየዳው ራሱ

ቲግ (በተንግስተን ዘንግና በአርጎን ጋዝ የሚበየድበት ዘዴ)፣ 1.6 ሚ.ሜ. ተንግስተን፣ ከ55 እስከ 60 አምፒር፣ መሙያ ዘንጉ 308ኤል የሚባለው። ስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር የምታገናኙ ከሆነ 309ኤል። ችቦው ላይ አርጎን በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር። ከመበየድ በፊት ቅባቱን በአሴቶን ጥረጉ፤ ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ መርጨት ግን አደጋ ነው፣ በብየዳው ብርሃንና ሙቀት መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

ቱቦው ውስጥም አርጎን ካልገባ የብየዳው ጀርባ እንደ ተቃጠለ ስኳር ጠቁሮ ይጎረብጣል። ያ ጉርብጥብጥ የጭሱን መንገድ ያጠባል፣ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከእሱ ነው፤ ሲሰበር ደግሞ ፍርፋሪው ወደ ማርሚታው ይሄዳል። ሁለቱን ጫፎች በአልሙኒየም ፎይል አሽጉ፣ አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ከታች አስገቡት፣ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ከላይ ይሁን። አንዱ ቱቦ ወደ 0.43 ሊትር ይይዛል፤ አምስት እጥፉን ለማሳለፍ በደቂቃ 4 ሊትር ቢሆን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ተገጣጥሞ ያለቀው ግን ከ3 ሊትር በላይ ስለሚይዝ አራት ደቂቃ ጠብቁ። ቸኩለው የሚጀምሩት የመጀመሪያዋ ሳንቲ ሜትር ሁልጊዜ ትጠቁራለች። ከውጭ የገለባ ቀለም ጥሩ ነው፣ ሰማያዊ ያልፋል፣ ግራጫ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል ወይም እጁ ዘግይቷል።

መገናኛው ላይ ሁለቱ ቱቦዎች በጠባብ ማዕዘን፣ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ ይግቡ። በሰፊ ማዕዘን የተገናኙ ቱቦዎች አንዱ የሌላውን አፍ ይመታል። ሁለተኞቹን ቱቦዎች በብየዳ አትዝጉ፤ 45 ሚ.ሜ. ያህል አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ተንሸራታች መጋጠሚያ አድርጉና በሁለት ስፕሪንግ ያዙት። የሚገባው የላይኛው ነው፣ የሚቀበለው የታችኛው። ክፍተቱ 0.2 ሚ.ሜ. ሲሆን በቀዝቃዛው ትንሽ ያፏጫል፣ ሲሞቅ ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለውን ቧንቧ ከካምቢዮው ጋር በተያያዘ መደገፊያ አንጠልጥሉት። መደገፊያ የሌለው ቧንቧ ክብደቱን በሙሉ ፍላንጁ ላይ ያወርዳል፣ ንዝረቱም ብየዳውን ከጎኑ ይቆርጠዋል።

የኦክስጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን) መያዣ፣ 18 ሚ.ሜ. በ1.5 ጥርስ፣ ከመጨረሻው መገናኛ በኋላ አሁኑኑ በይዱት፤ በኋላ አርጎን ዳግመኛ መሙላት ያስመርራል። ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይዘንበል፣ የጠዋቱ ውሃ ሴንሰሩ ላይ እንዳይጠራቀም። ያለ እሱ ካርቡራተሩን ማስተካከል በግምት መሄድ ነው፤ ሞተሩ አሁን የበለጠ አየር ስለሚስብ የድሮው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ሊያንሰው ይችላል። በሙሉ ጋዝ የአየርና የቤንዚኑ መጠን ከ12.8 እስከ 13.2 ለ1 እስኪሆን የዌበር ካርቡራተሩን ዋና ጂግለር አንድ ደረጃ፣ ማለትም 5 ቁጥር፣ እያሳደጋችሁ ሞክሩ። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ላይ ብቻ አየር የበዛበት የሚመስል ንባብ ካሳየ ጂግለር ከመንካት በፊት ተንሸራታቹን መጋጠሚያ ጠርጥሩት፤ ከውጭ የሚስበው አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል።

ሲገጠም ዳዶዎቹ የመዳብ ይሁኑ፣ ከመሃል ወደ ዳር በ22 ኒውተን ሜትር። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ «ትንሽ ጨምርበት» የሚለው ልማድ ጥርሱን ይበላል። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቁ፣ ከሁለተኛው ሙቀት በኋላም እንዲሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ዙሪያውን እዩ፤ የሚያመልጥ ጭስ ስቴንለሱ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይተዋል። መስመሩ የሚነሣው ከፍላንጁ ጎን ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት ፍላንጁን አውርዳችሁ ማስመሪያውን እንደገና አስተኙበት።